ይሰማል ያልኩት እኔ ነኝ

ባቡር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ባቡር ሲያስረዳኝ ደሜ ይፈላል። እኔ ክንፈ፣ ድሬዳዋ ላይ አራት ዓመት ሙሉ የባቡር ጭነት ሳወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ነበርኩ። ከዚያ ወደ መንዝ ተመለስኩና ገብሴን እየዘራሁ፣ በጎቼን እየጠበቅሁ ይኸው አረጀሁ። እዚህ ሞላሌ ዙሪያ ባቡር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል። ያየነው ጥቂቶች ደግሞ አፋችን አያርፍም። የኔ አፍ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ፤ ነገሩ በደህና ስላለቀ አሁን ለመናገር አላፍርም።

የእህቴ የአያልነሽ ልጅ ደመላሽ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያጫት ልጅ ለሌላ ተዳረችበትና አገሩ አስጠላው። ወደ ቆላ ወርዶ መተሐራ አካባቢ ሽንኩርት እርሻ ላይ የቀን ሥራ ያዘ። እናቱን በየሳምንቱ በስልክ ያናግራታል፤ ደህና ነኝ ይላታል፤ እሷም ታምነዋለች። ኅዳር ላይ ባቡር ገጨውና ሞተ። አስከሬኑ በኪራይ መኪና ተጭኖ በማግስቱ ደጃችን ደረሰ፤ ሹፌሩ ባቡር ገጨው ከማለት በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

እንግዲህ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። ሰው ሲቀመጥ ያወራል፤ ያውም ስለማያውቀው ነገር። ጎረቤቴ ፈንታ፣ በሬ እንጂ ሌላ ነገር ነድቶ የማያውቅ ሰው፣ «ነጂው ልጁን እያየ መሪውን ለምን አላዞረም?» ብሎ ጀመረ።

«ባቡር መሪ የለውም» አልኩት። «ሐዲዱ ወደሄደበት ይሄዳል እንጂ ነጂው ወዴት ያዞረዋል? ገደል ይክተተው?»

«ፍሬንስ? ፍሬንም የለው?»

«ፍሬን አለው። ግን ያ ሁሉ ፉርጎ ከኋላ እየገፋው ነው የሚመጣው። ፍሬን ይዞም አንድ ኪሎ ሜትር ሳይንሸራተት አይቆምም። አይሱዙ መሰለህ?»

ተሾመች የምትባለው የሠፈራችን ሴት ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች፣ «ሐዲዱን ሲረግጠው ኤሌክትሪኩ አድርቆ አስቀርቶት ነው አሉ» አለች። ይኼን ደመላሽ ራሱ በስልክ ነግሮኝ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው ከላይ በተዘረጋው ሽቦ ነው። ሐዲዱንማ ፍየል ሲሻገረው ይውላል። ይህንንም አስረዳሁ። አንዱ ተነስቶ ባቡር ሲያልፍ ሰውን ከሩቅ እንደ ማግኔት ይስባል አለ፤ እሱንም አስቀመጥኩት። እውነቱን ልናገርና፣ በሐዘኑ መሃል ሰው ሁሉ ወደኔ ዞሮ ሲያዳምጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የደብራችን አለቃ ቄስ ገብረ አማኑኤል ይህን ሁሉ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩና፣ «ክንፈ፣ መቼም አንተ ታውቀዋለህ፤ ይህ ባቡር ሲመጣ አይሰማም?» አሉኝ።

«እንዴት አይሰማም፣ አባታችን? መሬቱ እኮ ነው የሚንቀጠቀጠው። ገና ከማዶ ሳለ ደንቆሮ እንኳ በእግሩ ያውቀዋል።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ የሰውን ፊት ሳይ ነው። ከሰማው ለምን ዘወር አላለም? ይህን ጥያቄ ማንም አፍ አውጥቶ አልጠየቀም፤ ግን የሁሉም ዓይን ላይ ነበር። ቄስ ገብረ አማኑኤል ወደ እህቴ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ልጁ ሲሄድ እንዴት ነበር ብለው ጠየቋት። እሷ መዋሸት አታውቅም፤ በዚያች ልጅ የተነሳ አዝኖ ነው የሄደ አለቻቸው።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ቄሱ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና፣ «በጥርጣሬ ልፈታው አልችልም፣ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም» አሉኝ። እሳቸውም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ደመላሽን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ማዶ ቀበርነው። ጸሎት የለም፣ ጥላ የለም፣ መስቀል የለም። አፈሩን መለስንበትና ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ሄደ።

ዋናው ሕመሜ ግን የተናገርኩት አልነበረም፤ የተናገርኩትን ማመኔ ነው። ባቡር እንደማይሰማ ማን ነግሮኝ? የማውቀው ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ያወርድ ነበር። ስለዚህ በሟቹ ላይ ተናደድኩ። የስንት ሰው እጮኛ ተድራለች፤ የሁሉም ሰው እናት እንዲህ ትቀጣለች እንዴ እያልኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። አያልነሽ ግን አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። እሷ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በየቀኑ ቅጥሩን በውጭ በኩል ዞራ ሄዳ መቃብሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ሰውም ምን እንደሚላት ስለማያውቅ እየራቃት ሄደ።

ሠላሳኛው ቀን ሲቃረብ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ እባክህ ሂድና ልብሱን አምጣልኝ። የወደቀበትንም ቦታ እይልኝ። እኔ ብሄድ አልመለስም» አለችኝ።

ሄድኩ። ከሞላሌ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ከዚያ መተሐራ፤ በሁለተኛው ቀን ደረስኩ። ለመንዝ ሰው ያ ሙቀት መከራ ነው። ደመላሽ ከአምስት ልጆች ጋር አንድ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከእነሱ መሃል ኪዳነ ወልድ የሚባል የመርሐቤቴ ልጅ ተቀበለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አገሩ ዓለም ከተማ አጠገብ ነው። እግሬን አጠበኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ የደመላሽን ሻንጣ አወጣልኝ። ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ እናቱ የፈተለችው የበግ ጠጉር ባና። ባናውን አጥፎ ትራስ ያደርገው ነበር አለኝ።

«ተክዞ ነበር?» አልኩት።

«ማን? ደመላሽ?» ልጁ ግራ ገባው። «እሱማ ሲያስቀን ነው የሚውለው። መጀመሪያ እንደመጣ ሰሞን ትንሽ ዝም ይል ነበር። ከዚያ ግን ለቀቀው። ልጅቷ ወለደች ሲሉት እንኳ እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ ነው ያለፈው።»

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን ምሳ የማምጣት ተራው ነበር። የስድስታችንን እንጀራ በሳፋ ተሸክሞ እየመጣልን ነው የተገጨው። መስኖው ሞልቶ የእግር መንገዱ ጭቃ ስለነበር በሐዲዱ ጥግ መጣ። ከአጠገባችን ሊደርስ ምን ቀርቶት! ወጡ እንዳይፈስበት ሳፋውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሎ ነበር የሚራመደው። ባቡሩ የመጣበት ከጀርባው ነው።»

የስድስት ሰው ምሳ ተሸክሞ፣ ወጡ እንዳይፈስ የሚጠነቀቅ ሰው ሊሞት ነው የሚሄደው? ግን ያ ግትር ጭንቅላቴ አሁንም አልለቀቀኝም። «ታዲያ ባቡሩን አልሰማም?» አልኩት።

«ይሄ ባቡር አይሰማም እኮ፣ ጋሽ ክንፈ።»

ተቆጣሁ። እኔ ይህ ልጅ ሳይወለድ የባቡር ጭነት ያወረድኩ ሰው ነኝ። ለጓደኛህ ብለህ አትዋሽ አልኩት። ልጁ ትሕትናው ሳይጎድል፣ «እሺ፤ ነገ ጠዋት ቦታው ላይ ይቁሙና ይስሙት። እኔ አልከራከርዎትም» አለኝ።

በማግስቱ ሄድን። ደመላሽ የወደቀበት ቦታ ሐዲዱ ከግራር ቁጥቋጦ መሃል ጠምዘዝ ብሎ የሚወጣበት ነው። ከሐዲዱ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ፣ የመስኖው ቦይ አጠገብ ቆምኩ። ለኪዳነ ወልድ ሥርዓቱን አስረዳሁት፤ እኔ ባቡሩ ለሚመጣበት ጀርባዬን እሰጣለሁ፣ አልዞርም፤ መምጣቱን በሰማሁ ጊዜ እጄን አነሳለሁ። አንተ ጉብታው ላይ ሆነህ በስልክህ ቅረፀኝ፣ ከዚያ ማን ትክክል እንደሆነ ይታያል አልኩት። ለምን ቅረፀኝ እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ላሸንፈው ነው።

ቆምኩ። ነፋሱ ከፊቴ ነበር የሚመጣው፤ ፊቴን አቧራ ይመታኛል። ከማዶ ሽንኩርት የሚነቅሉት ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማኛል። አህያ ስታናፋ ሰማሁ። ቀልቤን ሁሉ እግሬ ላይ አድርጌ መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅሁ። የድሮው ባቡር ሐዲዱን ጓ ጓ፣ ጓ ጓ እያደረገ ሲመጣ ሩብ ሰዓት ቀድመን እናውቅ ነበር፤ ጫኞቹ ገና እየሰማነው ካርታችንን ጨርሰን ነው የምንነሳ። ቆሜ ቆሜ ወገቤ ሲደክም፣ ዛሬ ባቡሩ ይቀራል መሰለኝ፣ ልዙርና ልጁን ልጠይቀው ብዬ አሰብኩ።

ክላክሱና ነፋሱ እኩል መቱኝ። በስመ አብ አልኩ፤ ወወልድ ሳልል ግንባሩ አልፎኛል። ዘልዬ ስሸሽ ቦዩ ውስጥ በቂጤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ድምፅ መጣ፤ አዎ፣ ድምፅስ አለው፣ ፉርጎው በላይ በላዩ እየተከታተለ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ደረሰ። ግን ያ ድምፅ የመጣው ከባቡሩ ጋር እንጂ ከፊቱ አልነበረም።

ኪዳነ ወልድ ተመታ ብሎ እየሮጠ መጣ። «ጋሽ ክንፈ፣ ተጎዱ? ምን ሆኑ?»

«አልሰማሁም» አልኩት። ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነበር። «አልሰማሁም እኮ፣ ልጄ። ምንም አልሰማሁም።»

ልጁ ያበድኩ መሰለው መሰለኝ፤ እያለቀስኩ ስስቅ አየኝ። በሕይወቴ ተሸንፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ስንት ዘመን ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ስሕተቴ ያስደሰተኝ ነገር ግን የለም። ደመላሽ አልሰማም። ምሳ ይዞ እየመጣ ነበር፣ አልሰማም፣ በቃ። ሲያነሳኝ ትከሻው ላይ ተደግፌ ልጁን ሳምኩት።

ከዚያ እርሻው ዳር ተቀምጠን አስረዳኝ። ለሐዲድ ጥገና ከሚመጡ ሰዎች የሰማው ነው። የድሮው ሐዲድ ቁርጥራጩ እየተጋጠመ ስለሚዘረጋ፣ ጎማው መጋጠሚያውን ባለፈ ቁጥር ነበር ያ ጓ ጓታ። ያሁኑ ተበይዶ አንድ ወጥ ነው፤ ሞተሩም ነዳጅ አይጠጣም፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ከፊት ከሆነ ያለችውንም ድምፅ ወደኋላ ይወስዳታል። ነጂው ሰው የሚያየው ከጥምዝምዙ ሲወጣ ነው፤ ክላክስ ሲነፋ ደርሷል። ደመላሽ ስለ ሽቦው ሲነግረኝ ይህን መጠየቅ እንዴት ተሳነኝ? አልጠየቅሁም። ባቡር ባቡር ነው ብዬ አለፍኩት።

ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ላከልኝ፤ ባናውንና ልብሱን ይዤ ተመለስኩ። ሞላሌ ስደርስ ሠላሳ አራተኛው ቀን ነበር። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ቄስ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄድኩ።

ነገሩን ሁሉ ሰሙኝና፣ «ክንፈ፣ ያኔ ደንቆሮ ያውቀዋል አልከኝ። አሁን ጆሮ ያለውም አይሰማውም ትለኛለህ። የትኛውን ልያዝ?» አሉኝ።

«የአሁኑን ይያዙ፣ አባታችን። ያኔ የማላውቀውን ነው የተናገርኩት።»

«እህትህ ናት። ለእህቱ ሲል የሚዋሽ ሰው አይቻለሁ፤ አልፈርድበትምም። ግን በዚያ ፍትሐት አላደርስም።»

ትክክል ነበሩ። ለቁጣ የተነሳውን አፌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩትና ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነፅራቸውን አደረጉ። ጀርባዬን ሰጥቼ የቆምኩት እኔ እታያለሁ፤ እጄ እንደተንጠለጠለ ነው። ከቁጥቋጦው መሃል የባቡሩ ግንባር ብቅ ይላል፤ እጄ አይነሳም። ይቀርባል፣ አይነሳም። ከዚያ ክላክሱ፣ ከዚያ እኔ ቦዩ ውስጥ። ቄሱ መልሰው አዩት። በሦስተኛው ጊዜ ጣታቸውን እጄ ላይ አድርገው፣ «አልተነሳችም» አሉ ለራሳቸው። ኪዳነ ወልድንም በስልክ አገናኘኋቸው፤ ምሳውን፣ ጭቃውን፣ ሳፋውን አንድ በአንድ ጠየቁት። ስልኩን ሲዘጉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«አወዳደቅህ» አሉ፣ ሳቃቸው እያቋረጣቸው። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። አወዳደቅህ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ጠረጉና ጠንከር አሉ። «ያኔ የተናገርከው በሰው ፊት ነው። ይህንንም በሰው ፊት ትናገራለህ። ቪዲዮውንም ታሳያለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ። ባቡር ይሰማል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ልጁ አልሰማም አልኩ። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ፈንታ አራት ጊዜ አይቶት፣ «ደንቆሮ በእግሩ ያውቀዋል ያልከንስ? እግርህን ምን ነካው?» እያለ አገር ምድሩን አሳቀብኝ። እስከ ዛሬም ገበያ ላይ ሲያየኝ ባቡር መጣ ይለኛል። ይበል። ያን ቀን ሰው ሲስቅ፣ ለስንት ቀን የታመቀው ነገር አብሮ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። ሴቶቹ እየሳቁ እየተነሱ ወደ አያልነሽ ሄዱ፤ አንገቷን እያቀፉ ይስሟት ጀመር።

እሷ ቪዲዮውን አላየችም፤ ባቡሩን ማየት አልፈለገችም። ወደኔ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ሳያውቀው ነው? አልፈራም?»

«ሳያውቀው ነው፣ እህቴ። የልጆቹ ወጥ እንዳይፈስ እያየ ነበር።»

ትንፋሿን ለቀቀች። ያን ያህል አየር ደረቷ ውስጥ ከርሞ እንደነበር አላውቅም ነበር።

የቀረው የመቃብሩ ነገር ነው። ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። አንዱ ቆፍረን እናውጣውና ቅጥር ውስጥ እንቅበረው አለ፤ ሌላው አርባው ሳይወጣ መንካት ነውር ነው አለ። እንደ ልማዳችን ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር አያልነሽ ቆመች። «ልጄን ሁለተኛ አታንሱብኝ። አንዴ ተገፍቷል፤ ይበቃዋል» አለች።

ቄስ ገብረ አማኑኤል ካቡን በዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ሲለኩት ቆዩ። ከዚያ፣ «እሱ አይነሳም። ካቡ ይነሳ» አሉ።

በማግስቱ ሠፈሩ በሙሉ ወጣ። በዚያ በኩል ያለውን ሠላሳ እርምጃ የሚያህል ካብ ድንጋይ በድንጋይ አፈረስነው፤ አያቶቻችን የካቡት ነው፣ ሥሩ ያለው ድንጋይ አልነቃነቅ ብሎ ወገባችንን ሊሰብረው ነበር። ከዚያ ድንጋዩን ተሸክመን፣ ከመቃብሩ ማዶ አዙረን እንደገና ካብነው። ሦስት ቀን ፈጀ። ፈንታ ከሁሉ ይበልጥ ለፋ፤ ትልቅ ትልቁን ድንጋይ ለማንም አላስነካም። እኔንም ድንጋይ ባነሳሁ ቁጥር ከኋላዬ ክላክስ ይነፋብኛል።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ቀሳውስቱ ጥላ ይዘው፣ ዕጣን እያጠኑ መጡ። ፍትሐቱ ሙሉ ለሙሉ ደረሰለት፤ ስመ ክርስትናው ሲጠራ ሰማሁት። አያልነሽ የመጣችው ዘግይታ ነው። እንደ ለመደችው በውጭ በኩል ልትዞር ጀምራ ነበር፤ አዲሱ ካብ ጋ ስትደርስ መንገዱ አልቆባት ቆመች። እኔ ከውስጥ ሆኜ አያታለሁ፤ ልጠራት አልኩና ተውኩት። ዞራ ወደ በሩ ሄደች። ጫማዋን አወለቀች፣ የበሩን መቃን ሳመች፣ ከሰው ሁሉ ጋር ገብታ ልጇ አጠገብ ቆመች።